«የራሳችን ውሻ ነው» ብለው ንክሻን አይናቁ

ነሐሴ ሲገባ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የሚገኙ ልጆች ከቤት ይልቅ ደጅ መዋል ይቀናቸዋል። ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ከብት ይዘው ሜዳ ይውላሉ፣ ነሐሴ 13 ቀን ለሚከበረው ቡሄ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። በየቤቱም ቡችላ፣ ድመት ወይም ርግብ የሚያሳድግ ልጅ አይጠፋም። ከጉና ተራራ ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች ደግሞ ከብት ጥበቃ የወጣ ልጅ ሽኮኮ፣ የጦጣ ወይም የቀበሮ ግልገል ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ከእንስሳት ጋር ማደግ ለልጅ መልካም ነው፤ ርኅራኄንና ኃላፊነትን ያስተምራል። ይሁን እንጂ ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። እርሱም የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

የበሽታው ቫይረስ የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በቡጭሪያ ወይም የተላጠ ቆዳን፣ ዓይንንና አፍን በመላስ ወደ ሰው ይተላለፋል። ከዚያም በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል፤ በሳምንት የሚያጥርበት፣ እስከ ዓመት የሚዘገይበት ጊዜም አለ። ንክሻው ፊት፣ አንገት ወይም ጣት ላይ ከሆነ ይፈጥናል። ትኩሳት፣ መቃዠት፣ ውኃ መፍራትና የመሳሰሉት ምልክቶች አንዴ ከታዩ በኋላ ግን በሽተኛውን ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ በሽታውን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት ከውሻ የሚመጡ ናቸው። በአጠራጣሪ እንስሳ ከሚነከሱ ሰዎችም 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻ ጋር ይላፋል፤ ቁመቱም አጭር ስለሆነ ንክሻው ፊቱና አንገቱ ላይ ያርፋል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ልጁ መነከሱን መደበቁ ነው። «ይቆጡኛል» ወይም «ቡችላዬን ይገድሉብኛል» ብሎ ይሰጋልና ዝም ይላል። ቁስሏም ትንሽ ስለሆነች በቀናት ውስጥ ትድናለች፤ ሁሉም ይረሳታል።

ስለዚህ ልጅዎን አስቀድመው ያናግሩት። «ውሻም ሆነ ድመት ቢነክስህ፣ ቢቧጭርህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» ይበሉት። የቡሄ ሰሞን ሲደርስ ደግሞ ውሻዎን ይሰሩ። በጨለማ ዱላ ይዘው በጩኸት የሚመጡ ልጆች ጤነኛውንም ውሻ ያስደነግጣሉ።

ንክሻ ከደረሰ ወዲያውኑ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ደጋግመው ይጠቡት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቫይረሱ ወደ ነርቭ ከመግባቱ በፊት ብዙውን አጥቦ ያስወግዳል። ቁስሉ ላይ በርበሬ፣ ቅጠል፣ ዘይት ወይም አመድ አያድርጉ፤ በጨርቅም አጥብቀው አይሠሩ። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ። ክትባቱ በዚያ ባይኖር እንኳ ባለሙያው ወደሚገኝበት ይልክዎታል። የቲታነስ ክትባት ማስፈለግ አለማስፈለጉንም ይጠይቁ።

ቀደም ባሉት ዓመታት ይሰጥ የነበረው ክትባት ለበርካታ ቀናት በየዕለቱ ሆድ ላይ የሚወጋ ስለነበር ዛሬም ድረስ በዚያ ፍርሃት ከሕክምና የሚሸሹ አሉ። ዘመናዊው ክትባት የሚሰጠው ክንድ ላይ ሲሆን፣ ቁጥሩም አራት ወይም አምስት ነው። ከተጀመረ በኋላ ቀጠሮውን ማቋረጥ ግን አይገባም።

ጸበል የሚጠመቁም ካሉ እምነታቸውን ከክትባቱ ጋር አብረው ማስኬድ ይችላሉ። «ባህል ሐኪም ጋ ሄጄ ካልተሻለኝ ሆስፒታል እሄዳለሁ» ማለት ግን በዚህ በሽታ አይሠራም፤ «አልተሻለኝም» የሚባልበት ሰዓት ሲደርስ ጊዜው አልፏልና።

የነከሰው ውሻ ወይም ድመት ባለቤት ያለው ከሆነ ቸኩለው አይግደሉት። አስረው ለ10 ቀን ይከታተሉት፤ የእንስሳት ሐኪምም ይየው። ክትትሉ ግን የተነከሰውን ሰው ክትባት አያዘገይም። እንስሳው በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ባለሙያው ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ጠባዩ ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መዋጥ ቢያቅተው፣ የኋላ እግሩ ቢዝል ወይም ቢሞት ለሁለቱም ባለሙያዎች ፈጥነው ያሳውቁ። የታመመ ውሻ ሁልጊዜ እንደማያብድም ይወቁ፤ ጥግ ይዞ ፈዝዞ የሚተኛም አለ።

የዱር እንስሳ ግልገል ወደ ቤት አያስገቡ። ሰው ሲያይ መሸሽ የሚገባው ቀበሮ ወይም ጦጣ ዝም ብሎ ከተያዘ፣ አንድ የቸገረው ነገር ሊኖር ይችላል። በሽታው ከውሻ ወደ ዱርም ይሻገራል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ጨርሷል። በአንጻሩ ዶሮ፣ ርግብና ኤሊ ይህን በሽታ አያስተላልፉም፤ በሽታው የአጥቢ እንስሳት ነውና። እነርሱን ከነኩ በኋላ ግን የሆድ ሕመም እንዳይከተል እጅን በሳሙና መታጠብ ያሻል።

ከሁሉ የሚቀለው መፍትሔ ውሻውን ማስከተብ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ በአካባቢዎ ወዳለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይውሰዱት። ድመትም እንዲሁ። ልጅዎ የሚወደውን ቡችላ ሳይፈራ እንዲያቅፈው የሚያደርገው ይህ ነው።