ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ

ከዲላ፣ ከወናጎ ወይም ከይርጋ ጨፌ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የልቡ በር (ቫልቭ) የተቀየረለት ሕመምተኛ በሰላም ሲመለስ ቤተሰቡ አላህን ያመሰግናል፣ ሰደቃም ያወጣል። ምስጋናው ተገቢ ነው። «ከእንግዲህ ተገላገልን» ማለት ግን ያሰጋል። አካላችን የአላህ አማና ነውና ጥበቃው ከኦፕራሲዮን በኋላም ይቀጥላል።

በአገራችን የወጣቶችን የልብ በር ከሚያበላሹት ዋነኛው፣ በወቅቱ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ድርጅት የመሠረቱት፣ በ2009ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እንዲከፈት የደከሙት ለዚሁ ነው።

ሰው ሠራሽ በር ሁለት አደጋዎች ያሰጉታል። አንዱ የደም መርጋት ነው። የብረት በር የተተከለለት ሰው ዋርፋሪን የተባለውን ክኒን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ መጠኑም በደም ምርመራ ይስተካከላል። ሲያንስ ደም ይረጋል፣ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ቆጮ በጎመን የለመደ ሰው ጎመን እርም አይሆንበትም፤ አንድ ሳምንት አብዝቶ በሌላው መተው ግን ልኩን ያዛባል። ጥቁር አዝሙድም ሆነ የባህል መድኃኒት ሐኪም ሳያውቀው አይወሰድ። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ባለትዳር እህት ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው። ጀርም በደም ተጉዞ አዲሱ በር ላይ ይሰፍራል። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የትንፋሽ ማጠር ሲታይ «ወባ ነው» ብሎ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ ጀርሙን ከምርመራ ይሰውረዋል። ይልቅ በዚያው ቀን ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሄዶ ስለ ኦፕራሲዮኑ መናገር፣ ከመድኃኒቱ በፊትም ለጀርም ምርመራ ደም መስጠት ያስፈልጋል። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 6 ሳምንት በደም ሥር ይሰጣል። አፍ ከተጣመመ ወይም እጅ ከዛለ ፈጽሞ አይዘገይ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አጥብቀው የመከሩት ሲዋክ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብዙ ጀርም የሚገባው በታመመ ድድ በኩል ነውና። ጥርስ ከማስነቀል በፊት ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ስላለ ለሐኪሙ ይነገር። የታዘዘ የፔኒሲሊን መርፌም አይቋረጥ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕመምተኛ ፆሙን በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዷል፤ በረመዳን ክኒን አቋርጦ መፆም ጀግንነት አይደለም። የሰፈራችን ጀመዓም ለአንድ ሕመምተኛ የመድኃኒትና የመጓጓዣ ወጪ ቢያዋጣ ነፍስ ማዳን ነው። አላህ ሕሙማንን ሁሉ ይፈውስ። አሚን።