ከወደቁ በኋላ የሚጀመር ትግል

ለውጭ ገበያ የሚላክ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይመዝናል። የጅማና የአጋሮ ተሸካሚ ይህን ሸክም በክንዱ አይታገለውም፤ ትከሻው ላይ አሳርፎ በእግሩና በዳሌው ይነሳል። ጆንያው ነፍስ ዘርቶ፣ እጅ አውጥቶ ደረቱ ላይ ቢተኛበትስ? የጂዩ ጂትሱ ተጋጣሚ በየልምምዱ የሚገጥመው ይኸው ነው።

በባህላዊው ትግላችን የጣለ አሸነፈ፤ የወደቀው አቧራውን አራግፎ ይነሳል። በጂዩ ጂትሱ ግን ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 የመሠረተውን ጁዶ ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 ብራዚል አደረሰው፤ በዚያም የግሬሲ ቤተሰብ የመሬት ላይ ፍልሚያውን አጎልብቶ ብራዚል ጂዩ ጂትሱ አደረገው።

ከሥር ሆኖ የማምለጥ ዋጋ እንደ ሕጉ ይለያያል። በጁዶ 20 ሰከንድ በጀርባው ተይዞ የቆየ ይሸነፋል፤ ከላይ የተጫነውን ሰው እግር በእግሮቹ ከቆለፈ ግን ቆጠራው ይቋረጣል። በአሜሪካ የኮሌጅ ትግል ላመለጠ 1፣ ገልብጦ ከላይ ለሆነ 2 ነጥብ ይሰጣል። በብራዚል ጂዩ ጂትሱ ደረት ላይ ለተቀመጠው 4 ነጥብ ሲመዘገብ፣ ከሥር ሾልኮ የወጣው ምንም አያገኝም።

የማምለጫ ዘዴዎቹ ብዙ ቢመስሉም በሁለት እንቅስቃሴ ይጠቃለላሉ።

አንደኛው ድልድይ ነው። ደረቱ ላይ የተቀመጠበትን ሰው አንድ እጅና በዚያው በኩል ያለውን እግር ያዝ አድርጎ፣ ዳሌውን ወደ ላይ ወርውሮ በትከሻው ላይ ይገለብጠዋል። እጁና እግሩ ስለተያዙ ተጋጣሚው የሚደገፍበት አያገኝም። ሁለተኛው ዳሌን ወደ ጎን ማሸሽ ነው፤ ከጎን ለተጫኑት ሰው በተለይ ይጠቅማል። አንዱን ክንድ የተጋጣሚው አንገት ላይ፣ ሌላውን የተጋጣሚው ዳሌ ላይ እንደ ባላ ይተክላል። በድልድይ ክብደቱን ትንሽ አነሳስቶ፣ በተከፈተችው ክፍተት ጉልበቱን ያስገባል። በእጅ ብቻ መግፋት ግን ክንድን መገጣጠሚያን ለሚጠመዝዝ ቁልፍ አሳልፎ መስጠት ነው።

የጂዩ ጂትሱ አሠልጣኙ ሳውሎ ሪቤይሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ነጭ ቀበቶን ለመትረፍ፣ ሰማያዊውን ለማምለጥ መድቧል፤ ማነቆና ቁልፍ ለጥቁሩ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መንትዮቹ ተጋጣሚዎች ኬድና ታይ ሩኦቶሎ፣ ከሥር ሆነው ከጎን የተጫናቸውን ሰው አንገት በክንድና በእግር የሚያንቁበትን ዘዴ በሰፊው እንዲታወቅ አድርገዋል። አሁን ተጭኖ የያዘውም አንገቱን መጠበቅ አለበት።