የኑሮ ችግርና የመንፈስ ጭንቀት

የሰው ጤንነት የሥጋ ብቻ አይደለም። መንፈሱ የታወከበት ሰው፥ ትኩሳት ወይም ቁስል ባይታይበትም፥ በእርግጥ ታሟል። እንቅልፍ ያጣል፤ ምግብ አያሰኘውም፤ የለመደው ሥራ ይከብደዋል፤ ራሱንና ወገቡን ያመዋል። ጎረቤት ግን ይህን አይቶ «ሰንፏል» ወይም «እምነቱ ጎድሏል» ይላል። እንዲህ ያለው አነጋገር በበሽታው ላይ ኀፍረትን ይጨምርበታል።

የመንፈስ ጭንቀት ሀብታሙንም ድኻውንም ይይዛል፤ ነገር ግን እኩል አይደለም። ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በለንደን ከተማ በካምበርዌል ሰፈር የሚኖሩ ሴቶችን መርምረው፥ ውጤቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡ። ልጆች ከሚያሳድጉት እናቶች መካከል፥ የሠራተኛው ቤተሰብ እናቶች ከተደላደሉት ይልቅ እጅግ በዝተው ታመው ተገኙ። ምክንያቱ የባሕርያቸው ድካም አልነበረም። ከቤት መባረርን፥ ሥራ ማጣትን የመሰለ ከባድ መከራ በችግረኛው ቤት ይበዛል። ከዚህም በቀር ምስጢር የምታካፍለው የቅርብ ሰው የሌላት፥ ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች በቤቷ ያሉባት፥ ከቤት ውጭ ሥራ የሌላት፥ ወይም ገና 11 ዓመት ሳይሞላት እናቷ የሞተችባት ሴት፥ መከራው ሲደርስባት ቶሎ ትወድቃለች።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድር ነው? ለዚህ ከአፍሪካ የተገኘ መልካም ምሳሌ አለ። በዚምባብዌ በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በመንግሥት ትእዛዝ ብዙ የድኾች ቤቶችና የንግድ ቦታዎች በፈረሱ ጊዜ፥ 700,000 ያህል ሰዎች መኖሪያቸውን ወይም እንጀራቸውን እንዳጡ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ገመተ። በማግሥቱ ዓመት ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም፥ በሐራሬ ከተማ በምባሬ ሰፈር ከ14 አሮጊቶች ጋር ሥራ ጀመሩ። የአገሩ ሰው በሽታውን «ኩፉንጊሲሳ» ይለዋል፤ ትርጉሙም «ሐሳብ ማብዛት» ነው። አሮጊቶቹ ሥልጠና ተቀብለው፥ በጤና ጣቢያው ደጅ በአግዳሚ ወንበር ላይ ከበሽተኛው ጋር ይቀመጣሉ። ሳይነቅፉ ያዳምጡታል፤ ችግሮቹን እንዲዘረዝር ያደርጉታል፤ ከዚያም አንዱን አስመርጠው ሊፈጽመው የሚችለውን መፍትሔ አብረው ይፈልጋሉ። በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በታተመው ጥናት፥ ከ6 ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው በዚህ መንገድ ከተረዱት ከመቶ 14 ያህሉ፥ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ።

በእርግጥ አግዳሚ ወንበር የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ደመወዝንና መኖሪያን የሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የጤና ጥበቃ ሥራ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የእያንዳንዳችንም ድርሻ አለ። መምህር ሆይ፥ ልጁ ድንገት ከትምህርቱ ወደ ኋላ ቢቀር፥ ከመቅጣትዎ በፊት የእናቱንና የአባቱን ሁኔታ በትሕትና ይጠይቁ። ኀዘኑና ድካሙ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲታይ ይምከሩት። መሞትን እመኛለሁ የሚለውንም ለብቻው ሳይተዉ ፈጥነው ወደ ሐኪም ያድርሱት። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ነገር ግን በሽተኛው በሽታውን እንዳይደብቅ፥ የማይሳለቅበት ሰሚ ሊያገኝ ይገባዋል።