የወይዘሪት ጄን ካውች የቡጢ ሙያና በሸንጎ የተሟገተችበት ፈቃድ

ሴት ልጅ ጓንት አጥልቃ በአደባባይ ቡጢ መግጠሟ ለብዙዎቹ ክቡራን አንባቢዎቻችን ጆሮ የሚከብድ ነገር እንደ ሆነ እናውቃለን። ይህም ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ጤናና ስለ ቤት አያያዝ የሚነገርበት ስለ ሆነ የዛሬው ወሬ ሥፍራውን የሳተ ይመስል ይሆናል። እኛም ታሪኩን መመርመር የጀመርነው ቡጢውን ወደን አይደለም፤ ሙግቱ ስቦን ነው። ከወጣትነታችን ጀምሮ የችሎት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ስለ ሆነ፤ አንዲት ሴት እንጀራዋን በምታገኝበት ሙያ ፈቃድ ተከልክላ ዳኛ ፊት ቀረበች ሲባል፤ ከሳሽ ምን አለች፤ ተከሳሽ ምን መለሰ፤ ዳኞቹስ በምን ፈረዱ ብለን ሳንጠይቅ ማለፍ አይሆንልንም። ከዚህ በታች የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ጄን ካውች የተወለደችው በ1968 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፤ በላንካሸር ክፍል፤ ፍሊትውድ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ፍሊትውድ ዓሣ በማጥመድ የከበረች ከተማ ነበረች፤ መርከቦቿም እስከ አይስላንድ ውኃ ድረስ እየዘለቁ ያጠምዱ ነበር። ነገር ግን የአይስላንድ መንግሥት በባሕሩ ላይ የተነሣውን ክርክር በ1976 ዓ.ም. ከረታ በኋላ የከተማይቱ ሥራ እየቀዘቀዘ ሄደ። ጄን በትምህርት ቤት አልጸናችም። በጐረቤቱ ከተማ በብላክፑል ስም የሚሸጠውን፤ እንደ በትር የረዘመውን ከረሜላ በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ሥራ ሲፈታ ግን ትጠጣለች፤ በመንገድም ትደባደባለች። ይህን የምንጽፈው ልናሳፍራት ብለን አይደለም፤ ራሷ ሳትሸሽግ በአደባባይ የተናገረችው ነገር ነው።

ዕድሜዋ 26 ዓመት ሲሆን በአሜሪካ ሴቶች ቡጢ ሲገጥሙ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን አየች። ሌላው ሰው በልጅነቱ የሚጀምረውን ትምህርት እርስዋ በዚያ ዕድሜዋ ልትማር ወደ ቡጢ ማስተማሪያ ቤት ሄደች። ብዙም ሳትቈይ በጥቅምት ወር 1994 ዓ.ም. ዊጋን በምትባል ከተማ ገንዘብ እየተከፈለ በሚደረግ ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣች፤ ተጋጣሚዋንም በሁለተኛው ዙር ረታች። ተጋጣሚዋ በሥራዋ የፖሊስ ባልደረባ ነበረች። በመንገድ ስትደባደብ የኖረች ሴት መጀመሪያ በሕግ የገጠመቻት ፖሊስ መሆኗ ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

በሕግ አልን እንጂ ነገሩ እንዲያ አልነበረም። በብሪታንያ ለገንዘብ የሚደረገውን ቡጢ ሁሉ ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያስተዳድረው የብሪታንያ የቦክስ ተቈጣጣሪ ቦርድ የሚባለው ማኅበር ነው። ቡጢኛውም፤ አሠልጣኙም፤ ግጥሚያ አዘጋጁም፤ በመካከል ቆሞ የሚዳኘውም ሰው ከዚህ ቦርድ የፈቃድ ወረቀት መያዝ አለባቸው። ቦርዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ቢሆንም ያለ እርሱ ወረቀት ታላቁ አዳራሽና ዳጐስ ያለው ገንዘብ አይገኝም። ለሴት ደግሞ አንድ ጊዜም ፈቃድ ሰጥቶ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ጄን ስትገጥም የነበረችው ቦርዱ በማያውቃቸው አነስተኛ አዳራሾች ነው።

ጥቂት ጊዜ ብቻ ከገጠመች በኋላ በግንቦት 24 ቀን 1996 ዓ.ም. ወደ ዴንማርክ ዋና ከተማ ወደ ኮፐንሃገን ተሻግራ፤ ሳንድራ ጋይገር ከምትባል ፈረንሳዊት ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጠመች። ክብደቱ እስከ 66 ኪሎ ተኩል የሚደርስ ሰው የሚገጥምበት ክፍል ነበር። ግጥሚያው ዐሥሩን ዙር ሙሉ ፈጀ፤ ጄንም በነጥብ አሸነፈች። ከሁለት ዓመት በፊት ጓንት ማሰር የማታውቅ የከረሜላ ሠራተኛ የዓለም ሻምፒዮን ሆና ቀበቶዋን ይዛ ወደ አገርዋ ተመለሰች። በአገርዋ ግን የቡጢ ፈቃድ በተሰጣቸው ሰዎች መዝገብ ውስጥ ስሟ የለም።

ስለዚህ ቀበቶ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ቀበቶውን የሰጠው የሴቶች ዓለም አቀፍ የቦክስ ፌዴሬሽን ሲሆን፤ ያቋቋመችውም ባርባራ በትሪክ የምትባል በዮርክሸር የተወለደች እንግሊዛዊት ናት። እርስዋም በ1940ዎቹ ዓመታት በገበያ ትርዒት ድንኳኖች ውስጥ ስትገጥም ቆይታ፤ በአገርዋ መንገድ ስለ ታጣላት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ተሰደደች። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር ይባላል። እንግሊዝ አገር ያባረረችው ሙያ በስደት አድጎ፤ በሌላይቱ እንግሊዛዊት ወገብ ላይ ታስሮ ተመለሰ።

ጄንም እንደ በትሪክ ባሕር ተሻገረች፤ ሆኖም ለመኖር ሳይሆን ለመግጠም ብቻ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ኦርሊየንስ አንድርያ ዴሾንግ የምትባለውን ብርቱ ሴት ረታች። በዚያው ዓመት መጨረሻና በተከታዩ መጀመሪያ ግን ዶራ ዌበር የምትባል አሜሪካዊት ሁለት ጊዜ ረታቻት። ይህንን ሽንፈት ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጄን በአገርዋ ሸንጎ ፊት የቀረበችው ከዚህ ሽንፈት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቈይታ ነው። ብሪስቶል አጠገብ ሆኖ የሚያሠለጥናት ቴክስ ውድዋርድ የሚባል ሽማግሌ አልተለያትም፤ ከዚያ በቀር ግን ቤት የሚያሞቅ ሀብት አልነበራትም።

ቦርዱን ፈቃድ ብትጠይቀው ከለከላት፤ እርስዋም ከሰሰች። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ በጾታ ምክንያት ሰውን ማበላለጥ የሚከለክል ሲሆን፤ አንዱ ክፍሉ አሠሪዎችን ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሙያ የሚያስፈልገውን ፈቃድ የሚሰጥ ማናቸውንም ማኅበር ይይዝ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የሠራተኞች ጉዳይ በሚታይበት ሸንጎ፤ ከሎንዶን በስተ ደቡብ ባለችው በክሮይደን ከተማ ቀረበ። የክርክሩን ወጪ የእኩል ዕድል ኮሚሽን የተባለው መሥሪያ ቤት ደገፈ፤ ጠበቃዋም ዳይና ሮዝ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች።

የቦርዱ መልስ በሐኪሞች ቃል ላይ የቆመ ነበር። ልማደ አንስት ሲቃረብ የሴት ጠባይ ይለዋወጣል፤ በቀላሉም ትቈጣለች፤ ሰውነቷም ቶሎ ይበልዛል፤ ሳታውቅም ጽንስ ይዛ ወደ መድረክ ልትወጣ ትችላለች የሚል ነው። ቃሉን ለክብር ስንል አሳጥረን ጻፍነው። ጠበቃዋ ግን እያንዳንዱን ነገር ነጥላ ጠየቀች። ቦርዱ ሐኪም አቁሞ ወንዶቹን ከግጥሚያ በፊት ይመረምር የለምን? ሴቲቱንስ በዚያው መንገድ መርምሮ ጤነኛ ያልሆነችውን ብቻ መከልከል ምን ያግደዋል? የሚቈጣ ወንድስ በመድረክ ላይ ታጥቶ ያውቃልን?

በመጋቢት 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሸንጎው ለጄን ካውች ፈረደ። የፍርዱ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ቦርዱ ይህችን ሴት መርምሮ ጉድለት አግኝቶ አልከለከላትም፤ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው በማለት በግምት ከለከላት፤ ይህም በሕጉ የተከለከለ ነው።

እኛ በልባችን የነበረውን እንናገር። የወለድናት ልጅ ቡጢ እገጥማለሁ ብትለን ደስ ብሎን አንመርቃትም። የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበርም ፍርዱን አጥብቆ ነቅፏል፤ ሐኪሞቹ ግን የወንዶቹም ቡጢ እንዲቀር የሚሹ ናቸውና ነቀፌታቸው ለሁለቱም ወገን ነው። የቦርዱ ነገር ከዚህ የተለየ ነበር። ቡጢ አእምሮን ይጐዳል ብሎ ሁሉን ቢከለክል ኖሮ የሚመልስለት ባልተገኘም፤ እርሱ ግን ለወንዱ ፈቅዶ፤ ገንዘቡንም አስከፍሎ፤ ለሴቲቱ ብቻ አሳቢ አባት ሆነ። መዝገቡን ስናገላብጥ ይህን ቦታ ደግመን ደጋግመን አነበብነው፤ ለቦርዱም የሚሆን መልስ ፈልገን አጣን። ከዚህ ቀደም በሌላ ጉዳይ፤ በሴትነታቸው ብቻ በር የተዘጋባቸውን ባለ ጉዳዮች አቤቱታ ስንጽፍ፤ ለእነርሱ መታሰብ የሚባለው ነገር ስንት ጊዜ የእንጀራ ክልከላ ሆኖ እንዳገኘነው ትዝ አለን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ፈቃዱ ተሰጣት። በኅዳር 25 ቀን 1998 ዓ.ም. ማታ፤ በደቡብ ሎንዶን በስትረታም፤ በአንድ የጭፈራ አዳራሽ ውስጥ በተተከለ መድረክ ላይ፤ በቦርዱ ፈቃድ የመጀመሪያይቱ ሴት ቡጢኛ ሆና ወጣች። በአገር ውስጥ ፈቃድ ያላት ሌላ ሴት ስላልነበረች ተጋጣሚዋ ከጀርመን አገር መጣች፤ ስሟ ሲሞና ሉኪች፤ ዕድሜዋም 18 ዓመት ነበር። ጄን የዚያን ጊዜ 30 ዓመት ሞልቷት ነበር። በሁለተኛው ዙር ዳኛው ገብቶ ግጥሚያውን አስቆመ፤ የጄንንም እጅ አነሣ። ቋንቋችን ለሸንጎውም ለመድረኩም ሰው ዳኛ የሚል አንድ ስም ስለ ሰጠ፤ በአንድ ዓመት ሁለት ዳኞች ፈረዱላት ማለት እንችላለን።

ጋዜጠኞቹ በብዛት መጥተው ነበር፤ የጻፉት ግን አብዛኛው ነቀፋ ነበር። አንዳንዱ በተጋጣሚዋ ልጅነት፤ አንዳንዱ በግጥሚያው አጭርነት፤ አንዳንዱም በነገሩ ሁሉ አዘነ። የተጋጣሚዎቹ አለመመጣጠን እውነት ነው፤ እኛም አናስተባብልም፤ ነገር ግን ሴቶችን ለብዙ ዘመን ከልክሎ በመጀመሪያው ማታ የሰለጠነች ተጋጣሚ ታጣች ማለት፤ ማሳውን ሳያርሱ እህሉ የታለ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ገንዘብም ቢሆን እንደ ታሰበው አልመጣም። ከፍርዱ በኋላም የወንዶቹ ዓይነት ክፍያ ስላልደረሳት፤ ተጋጣሚና ገበያ ፍለጋ እንደ ገና ባሕር እየተሻገረች ስትገጥም ኖረች። በ2007 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ንግሥት የክብር ኒሻን ተሰጣት፤ በተከታዩም ዓመት ጓንቷን ሰቀለች። አራት ዓመት ቈይቶ የሴቶች ቡጢ ለመጀመሪያ ጊዜ በሎንዶን ኦሎምፒክ ሲደረግ፤ ኒኮላ አዳምስ የምትባል የሊድስ ልጅ በዚያው በአገርዋ አዳራሽ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ ወሰደች።

በአሜሪካ በኒው ዮርክ ክፍል ካናስቶታ በምትባል ትንሽ ከተማ ስመ ጥር ቡጢኞች የሚታሰቡበት አዳራሽ አለ። በ2020 ዓ.ም. ምርጫ የስደተኛይቱ የባርባራ በትሪክ ስም ከተመረጡት መካከል ተጻፈ፤ በ2024 ዓ.ም. ደግሞ የጄን ካውች ስም ተጨመረ።