የራዲያተር ነፋስ በደጋ ሰማይ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ፣ ከእርሷ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠችው የቀድሞዋ የሸዋ መናገሻ አንኮበር ደግሞ 2,465 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በአካባቢው የሚመላለስ አሽከርካሪ ሁሉ የሞተር ሙቀትን ጠባይ ከዳገቱ ተምሮታል። ጣርማበርን ጭነት ይዞ ሲወጣ ሙቀት የጨመረ አይሱዙ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ በጀሪካን ውኃ ይጨመርለትና ጉዞው ይቀጥላል፤ ያልታደለው ጓርኒሲዮን ያቃጥላል ወይም ቴስታታው ይጣመማል። ከመኪና በወጣ ሞተር የሚበር፣ በግለሰብ እጅ የተሠራ አነስተኛ አውሮፕላን ግን ጥግ ይዞ የሚቆምበት ቦታ ስለሌለው፣ ሠሪው ከክንፉና ከጅራቱ ባልተናነሰ ሊጨነቅበት የሚገባው ክፍል ነፋስን ወደ ራዲያተሩ የሚያደርሰውና መልሶ የሚያስወጣው የአየር ቦይ ነው።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ጉልበት ወደ ሥራ የሚለወጠው ሲሶው ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ሌላው ሲሶ ያህል በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ የቀረው በአመዛኙ ማቀዝቀዣው የሚሸከመው ሙቀት ነው። ይህን ሙቀት ለማስወገድ አንዱ መንገድ በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ባሉ ክንፋማ ቀለበቶች ላይ ነፋስ በቀጥታ ማሳለፍ ሲሆን፣ ሌላው ሙቀቱን መጀመሪያ ለውኃ፣ ከዚያም በራዲያተር በኩል ለነፋስ ማስረከብ ነው። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ታሪክ ከጅምሩ ሁለቱንም ያውቃል። በ1921 ዓ.ም. ማብቂያ ወደ አዲስ አበባ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው የጀርመኑ ዩንከርስ ደብልዩ 33 በውኃ የሚቀዘቅዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት እዚሁ አገር ተሠርታ ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የበረረችው፣ ጣሊያኖች ከወሰዷት በኋላም ጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ የበቃችው «ፀሐይ» ግን ሰባት ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ቫልተር ቬኑስ ሞተር ተገጥሞላት ነበር። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ በመገናኛ ብዙኃን ስሙ የተነሣው ኬ-570ኤ የተባለው የግለሰብ ሥራ የተመረኮዘው የቮልስዋገን ቢትል ሞተርም ውኃ የማያውቅ ነው። ዛሬ የሚገኙት የመኪና ሞተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በውኃ የሚቀዘቅዙ በመሆናቸው፣ በራሱ እጅ አውሮፕላን መሥራት የሚፈልግ ሰው የራዲያተሩን ጥያቄ ሊሸሸው አይችልም።

ራዲያተርን እንደ መኪና ፊት ለፊት ገልጦ ማቆም በመሬት ላይ በቂ ቢመስልም በአየር ላይ ግን ሁለት ጉዳት አለው። የመጀመሪያው፣ ጥቅጥቅ ያለውን የራዲያተር ቅጠል የሚገጥመው ነፋስ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ አብዛኛው በጎን ዞሮ ማለፉ ነው። ሁለተኛው፣ በውስጡ የሚያልፈው ጥቂት አየርም ቢሆን በበቂ ሳይዘገይ ስለሚያልፍ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ የሚጎትት ትልቅ ተቃውሞ መፍጠሩ ነው፤ የራዲያተር ተቃውሞ ከአየሩ ፍጥነት ካሬ ጋር ተቀራርቦ የሚያድግ እንደመሆኑ፣ የአየሩ ፍጥነት ወደ ሲሶ ቢወርድ ተቃውሞው ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ የቦዩ ሥራ በጠባብ አፍ የገባውን አየር ቀስ በቀስ እየሰፋ በሚሄድ ክፍል ውስጥ አዝግሞ፣ ፍጥነቱን ወደ ግፊት ለውጦ፣ በሰፊው የራዲያተር ገጽ ላይ እኩል ማዳረስ፣ ከዚያም እየጠበበ በሚሄድ ክፍል ፍጥነቱን መልሶ በማስገኘት ወደ ውጭ መልቀቅ ነው።

የሚሰፋው ክፍል ከመጠን በላይ ቶሎ ቢሰፋ አየሩ ግድግዳውን ለቆ በጥጉ ይሽከረከራል፣ ራዲያተሩም በመሐሉ ብቻ ነፋስ አግኝቶ በዳርና ዳሩ ይታፈናል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለምንም ችግር ሊዘነብል የሚችለው በእያንዳንዱ ጎን ሰባት ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው አፍ ተነሥቶ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ራዲያተር ላይ ለመድረስ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ይህን ያህል ቦታ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ኮፈን ሥር አይገኝም። ዲትሪሽ ኩኸማንና ዮሃና ቬበር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት መፍትሔ እንደ መለከት የሚከፈት ግድግዳ ነው፦ ቦዩ ለረጅም ርቀት ጠባብ ሆኖ ይቆይና ራዲያተሩ አጠገብ ሲደርስ በድንገት ይሰፋል፤ የራዲያተሩ ቅጠል ራሱ የሚያሳድረው ተቃውሞ አየሩን ወደ ጎን ስለሚገፋው ከግድግዳው አይለይም። ላሜራን እንዲህ ማጠፍ አድካሚ ስለሆነ ብዙ ሠሪዎች ቅርጹን በፎም ቀርጸው በፋይበር ግላስ ያለብሱታል።

ሞተሩ ሞቀ ሲባል የሠሪው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው አፉን ወደ ማስፋት ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ እርምጃ ነው። መውጫው ካልሰፋ፣ ወይም ግፊቱ ዝቅ ባለበት ቦታ ካልተከፈተ፣ በሰፊው አፍ የመጣው ትርፍ አየር ተመልሶ በከንፈሩ ላይ ይፈሳል፤ ውጤቱም ተቃውሞ እንጂ ቅዝቃዜ አይሆንም። ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አየር በይዘቱ 14 በመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ በሚወጣበት ጊዜ ከገባበት የበለጠ ቦታ ይሻል። በራዲያተሩ ጠርዝና በቦዩ መካከል ያለ የጣት ስፋት ክፍተትም ቢሆን በጎማ ካልተደፈነ አየሩ የሚያልፈው በእርሱ በኩል ነው።

የከፍታው ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ሞተሩ ለውኃው 40 ኪሎ ዋት ሙቀት ቢያስረክብና አየሩ በራዲያተሩ ሲያልፍ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በሰከንድ አንድ ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ይህ አየር በባሕር ዳርቻ 0.83 ሜትር ኩብ ቦታ ሲይዝ፣ የአየር ግፊቱ ወደ 70 በመቶ ዝቅ በሚልበት በደብረ ብርሃን 1.17 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ በሰከንድ 30 ሜትር ወደ ፊት እየበረረ ለሚወጣ አውሮፕላን ይህ ማለት 280 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይበቃ የነበረው የነፋስ ስፋት ወደ 390 ያድጋል ማለት ነው። ውኃም ክዳኑ ካልያዘው በደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሆኖም ሥዕሉ ይህን ያህል ጨለማ አይደለም፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በቀጭን አየር ጉልበቱም አብሮ ስለሚቀንስ የሚያመነጨው ሙቀትም ያንሳል። በእውነት የሚፈተነው በከፍታም ሙሉ ጉልበቱን የሚይዘው ባለ ተርቦ ሞተር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ከሚጠቀምባቸው መካከል ያለው ዳይመንድ ዲኤ 40 ኤንጂ፣ ሞተሩ ከመርሴዲስ የመኪና ናፍጣ ሞተር የተወለደ በመሆኑ፣ የዚህ ዓይነቱ ምሳሌ ነው።

ተርቦ የሌለውም ቢሆን የሚጨነቅበት ጉዞ አለ፦ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የአዋሽ ቆላ በ35 ዲግሪ ሙቀት ተነሥቶ የአንኮበርን ገደል መሻገር። በሰከንድ 2.5 ሜትር የሚወጣ አውሮፕላን 2,000 ሜትር ለመጨመር ከ13 ደቂቃ በላይ ሙሉ ጋዝ ረግጦ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ መቆየት አለበት። አየሩ ወደ ቦዩ በአግድም ሳይሆን ከሥር ስለሚመጣ፣ ስለታም ጠርዝ ያለው አፍ ይቀደዋል፤ ከንፈሩ ወፍራምና ክብ የሚደረገው ለዚህ ነው። አፉ ከሆዱ ሥር ከሆነም በአካሉ ላይ ተጣብቆ የዘገየውን ስስ የአየር ንብርብር እንዳይቀዳ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ይሰቀላል።

እ.ኤ.አ. በ1940 የበረረው የአሜሪካው ሙስታንግ በሆዱ ሥር የተሸከመው ቦይ በዚህ ረገድ ዝነኛ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሜሬዲት እ.ኤ.አ. በ1935 እንዳሳየው፣ በራዲያተሩ የሞቀው አየር በጠባብ መውጫ ሲለቀቅ ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ስለሚሰጥ፣ የማቀዝቀዣው ተቃውሞ በከፊል ይካካሳል። ይህ ትርፍ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር ተዋጊ እንጂ በ160 ለሚንሸራሸር የግል አውሮፕላን ይህን ያህል የሚያጓጓ አይደለም፤ ከሙስታንግ ሊወሰድ የሚገባው የመውጫው ተንቀሳቃሽ በር ነው።

ቦዩ መሥራቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ የያዘ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ በግማሽ ክብ ታጥፎ፣ አንዱ ጫፉ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላው ነፋስ በማይገፋበት ቦታ ይደረጋል። የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ የነፋሱ ሙሉ ግፊት 58 ሚሊ ሜትር ውኃ ገደማ ያነሣል፤ ከዚህ ውስጥ ከአምስት አራት እጁ ከራዲያተሩ ፊት ከተገኘ የሚሰፋው ክፍል ሥራውን ሠርቷል፣ ችግር ካለም ከኋላ ይፈለጋል። ንባቡን የሚይዘው ከጎን የተቀመጠው ሰው እንጂ አብራሪው ሊሆን አይገባም።

ወደ ቆላ ሲወረድ ጋዙ ስለሚቀነስ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞስታቱ ውኃውን ቢያግድም የመውጫውን በር ማጥበብ ይረዳል፣ ተቃውሞንም ይቀንሳል። በሩ ግን ፈጽሞ እንዳይዘጋ መቆሚያ ይደረግለታል፤ የሚስበው ገመድ ቢበጠስ ተከፍቶ እንዲቀር ሞላው ወደ መክፈቻው አቅጣጫ ይገጠማል።