የሚሸከምና የሚለቅ፦ ለግዙፍ ሰው አጭር ስኪ እንዴት ይመረጣል?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። እስራኤል ውስጥ፣ ፔታህ ቲክቫ ከተማ ሱቁ ሁሉ ለሰንበት ሊዘጋ ይጣደፋል። እኛ ቤት ግን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዱቄት የተደለደለበት ትሪ፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ የክብሪት ቀፎና የሽንኩርት መክተፊያ ተደርድረዋል። ከጠረጴዛው ማዶ የእህቴ ልጅ ተቀምጧል። ቁመቱ 1.88 ሜትር፣ ክብደቱ 104 ኪሎ ነው። ከሠራዊት ከተሰናበተ ወዲህ ልቡ በረዶ መንሸራተቻ ያለበት ሄርሞን ተራራ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት ከአንድ ዕቃ አከራይ አጭር ስኪ (እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚያንሸራትት ሰሌዳ) ተከራይቶ ወጣ፤ ማታ እያነከሰ ተመለሰ። «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ለቀጫጮች ነው፤ የኔ ዓይነቱን ሰው በረዶው አይችለውም» አለኝ። እኔ ጎንደር ሳለሁ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ልጁ ራሱን ሲወቅስ ዝም ብዬ መስማት አልቻልኩም። «ሰውነትህ ምንም አላጠፋም፤ ከሰውነትህ ጋር ያልተመዛዘነ ዕቃ ነው የሰጡህ» አልኩትና ዱቄቱን አወጣሁ።

ሄርሞን ከፔታህ ቲክቫ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ያህል ያስነዳል። የመንሸራተቻው የላይኛው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎንደር ከተማ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ጎንደር ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ በረዶ አይጋገርባትም፤ ሄርሞን ግን ወደ ሰሜን ርቆ ስላለ በክረምት ይነጣል። ፀሐይ ስትበረታ በረዶው ይለሰልሳል፤ ጠዋት እንደ ድንጋይ የነበረው ከሰዓት በኋላ እንደ ገንፎ ይሆናል። ከባድ ሰው የሚፈተነው በዚህ ሰዓት ነው።

ስኪቦርድ ምንድን ነው?

የተለመደው ስኪ ለግዙፍ ሰው 1.70 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ስኪቦርድ የሚባለው አጭሩ ዘር ነው፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሜትር ገደማ አይዘልም። እንደ ስኪ ጥንድ ሆኖ በሁለት እግር ይጠለቃል፤ ዱላ ግን አያስፈልገውም። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክናይስል የተባለው የኦስትሪያ ፋብሪካ «ቢግፉት» የሚል በጣም አጭር ስኪ አወጣ። ወደ አሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ የፈረንሳዩ ሳሎሞን 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን «ስኖውብሌድ» ለገበያ አቀረበ። ስሙ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የአጭር ስኪ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። አጭር ስለሆነ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ጀማሪም ቶሎ ይለምደዋል። ግን አጭርነቱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም በተሳፋሪው ኪሎ ልክ ይጨምራል።

መሸከም፦ የዱቄቱ ትምህርት

የክብሪት ቀፎውን ዱቄቱ ላይ አስተኝቼ ስኳሩን ጫንኩበት። ቀፎው ወዲያው ሰመጠ። አነሳሁትና ዱቄቱን እንደገና በመዳፌ ደለደልኩ። ከዚያ መክተፊያውን አስቀምጬ ያንኑ ስኳር ጫንኩ። መክተፊያው ዱቄቱን ትንሽ ተጭኖ ቆመ። ስኳሩ ያው አንድ ኪሎ ነው፤ የተለወጠው የተዘረጋበት ስፋት ብቻ ነው። ግመልም ከአህያ ብዙ እጥፍ እየከበደች አሸዋ ላይ የማትሰምጠው መዳፏ ስለሚሰፋ ነው።

ወረቀት አወጣንና አሰላን። ርዝመቱ 90፣ አማካይ ስፋቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ስኪ ጥንዱ 1,530 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቆምበት እያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 39 ግራም ይሸከማል። የእህቴ ልጅ ሲቆምበት 68 ግራም ይደርሳል። በተከራየው ዕቃ የሰመጠው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ርዝመቱ 110፣ ስፋቱ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስኪቦርድ እንውሰድ። ጥንዱ 2,860 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሸክሙም ወደ 36 ግራም ይወርዳል። 104 ኪሎው ልጅ በዚህ ሰሌዳ ላይ 60 ኪሎው ሰው በጠባቡ ላይ ከሚሆነው ይልቅ ቀሎ ይንሳፈፋል።

«እንግዲያው ርዝመቱን ብቻ አትይ ነው የሚሉኝ?» አለኝ።

«አዎ ልጄ። ርዝመቱን በስፋቱ አባዛና ኪሎህን አካፍልበት።»

ስፋቱ ሌላም ጥቅም አለው። ትልቅ ሰው እግሩም ትልቅ ነው፤ ጫማው ከጠባብ ሰሌዳ ግራና ቀኝ ይተርፋል። ሰሌዳውን አዘንብሎ ሲታጠፍ የተረፈው ጫማ በረዶውን ይፍቃል፤ የብረቱ ጠርዝ ከበረዶው ይነሣና ሰውየው ይወድቃል። ሰፊ ሰሌዳ፣ ወይም ጫማውን ከሰሌዳው ጋር የሚይዘውን ማሰሪያ ከፍ የሚያደርግ ድጋፍ፣ ይህን ያስቀራል።

መጠንከር፦ የቦዩ ሳንቃ

ስፋት ብቻውን ግን አይበቃም። በቦይ ላይ ቀጭን ሳንቃ አጋድማችሁ መሐሉ ላይ ብትቆሙ ይጎብጣል። ለስላሳ ስኪቦርድም ከባድ ሰው ሲቆምበት መሐሉ ይሰምጣል፤ ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሣሉ። ያኔ በረዶውን የሚነካው መሐሉ ብቻ ስለሚሆን ያሰላነው ስፋት ወረቀት ላይ ይቀራል። ፍጥነት ሲጨምርም የተነሡት ጫፎች ይንቀጠቀጣሉ።

የሳንቃ ጥንካሬ ከውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ጋር አብሮ ይሄዳል። ውፍረቱ በአሥር በመቶ ብቻ ቢጨምር ጥንካሬው በሠላሳ ሦስት በመቶ ያድጋል። ሁለት ሰሌዳዎች በዓይን አንድ መስለው በእግር ሥር ፍጹም የሚለያዩት ለዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ የሰሌዳውን ጅራት መሬት ላይ አቁሙ፤ ጫፉን በአንድ እጅ ያዙና መሐሉን በሌላው መዳፍ ግፉ። በእጃችሁ ግፊት በቀላሉ የሚጎብጥ ከሆነ መቶ ኪሎ አይችልም። እንጨት ልብ ያለው፣ በፋይበር መስታወት የተጠቀለለና ዙሪያውን የብረት ጠርዝ ያለው ይመረጣል።

መልቀቅ፦ የበሩ ትምህርት

እዚህ ላይ ነገሩ ይጠማዘዛል። ለከባዱ ሰው ሰሌዳውን ስናስረዝምና ስናሰፋ ከመስመጥ አዳንነው፤ ግን ሌላ አደጋ ጠራን። የእህቴን ልጅ ወደ ወጥ ቤቱ በር ወሰድኩትና ከማጠፊያው አጠገብ በአንድ ጣት እንዲገፋ ነገርኩት። በሩ እምቢ አለ። እጀታው አጠገብ ሲገፋ ግን ወዲያው ተከፈተ። ክንዱ ሲረዝም ትንሽ ጉልበት ትልቅ ነገር ያዞራል፤ ሰው በፌሮ ቋጥኝ የሚፈነቅለው በዚህ ነው።

የስኪ ጫፍ በረዶ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰውየው ሲወድቅ፣ ሰሌዳው ያ ፌሮ ይሆናል። የሚፈነቀለው የቅልጥም አጥንት ነው።

ጫማ ከስኪው ጋር የሚታሰርበት መንገድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኢትዮጵያዊው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ አገራችንን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ወክሎ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። የእርሱ ጫማ የታሰረው በጣቶቹ በኩል ብቻ ነው፤ እንደ ርምጃ ስለሚሄድ ተረከዙ ነፃ ነው። ቁልቁል የሚንሸራተት ሰው ግን ጣቱም ተረከዙም ይታሰራል። ሰሌዳው ሲዞር እግሩ አብሮ ይዞራል፤ መላወሻ የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ስኪቦርዶች የማይለቅ ማሰሪያ ነበራቸው። ሰሌዳው አጭር ስለሆነ ፌሮውም አጭር ነው፣ አይጎዳም ተብሎ ነው። በተራሮቹ ላይ ያሉ ሐኪሞች ያዩት ግን ሌላ ነበር፤ የጉልበት ጅማት ጉዳት ቢቀንስም የቅልጥም ስብራት በረከተ። ሰሌዳው 110 ሴንቲ ሜትር፣ ተሳፋሪው 104 ኪሎ ሲሆን አደጋው ያይላል። ስለዚህ ግዙፍ ሰው የሚለቅ ማሰሪያ ያስፈልገዋል።

የሚለቅ ማሰሪያ አሠራሩ እንደ ቁም ሣጥን በር ነው። በሩን ነፋስ ሲነካው አይከፈትም፤ በደንብ ሲስቡት ግን ይለቃል። ማሰሪያው ውስጥ ሞላ አለ። ጣት በኩል ያለው ክፍል እግር ወደ ጎን ሲጠመዘዝ ይከፈታል፤ ተረከዝ በኩል ያለው ሰው ወደ ፊት ሲደፋ ወደ ላይ ይለቃል። ሞላው ምን ያህል እንደሚጠብቅ ማሰሪያው ላይ በተጻፈ ቁጥር ይታያል፤ ሰው «ዲን» የሚለው እርሱ ነው።

ቁጥሩን ማን ያወጣል?

«ከባድ ስለሆንኩ እስከ መጨረሻው ላጥብቀዋ» አለኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከወጣለት ሰንጠረዥ ነው፤ ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜ፣ የጫማው ሶል ርዝመት በሚሊ ሜትርና የአነዳድ ዓይነት ይታያሉ። በክብደት ከ95 ኪሎ ጀምሮ ያለው ሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። በቁመት ግን ከ1.79 እስከ 1.94 ሜትር ያለው ከዚያ አንድ ረድፍ ዝቅ ይላል። ክብደትና ቁመት ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚወሰደው ዝቅተኛው ነው። ለእህቴ ልጅ ረድፉን የሚወስነው 104 ኪሎው ሳይሆን 1.88 ሜትሩ ነው። ሰው ሲወፍር አጥንቱ በዚያው ልክ አይወፍርምና ሕጉ አጥንትን ይጠብቃል። ሶሉ የረዘመ ሰውም ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ረጅም ሶል ራሱ ፌሮ ነውና።

ማሰሪያ ሲገዛ ቁጥራችሁ መሐል ላይ የሚውልበትን ምረጡ። ሰባት የሚወጣለት ሰው ከ4 እስከ 12 የሚሄደውን ይውሰድ፤ ሞላው ጥግ ላይ ተጨንቆ እንዲሠራ አታድርጉት። ብዙ ስኪቦርድ ላይ አራት ቀዳዳዎች በ4 በ4 ሴንቲ ሜትር ካሬ ተተክለው ይመጣሉ፤ የሚለቅ ማሰሪያ በዚያ ላይ ለመግጠም ማገናኛ ሰሌዳ ያስፈልጋል። ፍሬኑም ይታይ፦ ማሰሪያው ሲለቅ ሰሌዳው ቁልቁል ሮጦ ሌላ ሰው እንዳይመታ የሚይዙት ሁለት እግሮች ናቸው፤ ሰሌዳው 13 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ፍሬኑ ከዚያ መስፋት አለበት። የመጨረሻውን ማጥበቅ በካቻቢቴ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፤ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ፈትሾ ያስተካክለው።

እህቴ ገብታ ትሪውን አየችና «ዱቄቱን ጨርሳችሁ እንደሆነ ስጡኝ፣ ሰንበት ደረሰ» አለች። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሱቅ ሲሄድ የሚጠይቃቸው አራት ነገሮች ተጽፈውበታል፦ ስፋቱ ስንት ነው? መሐሉ ይጎብጣል? ማሰሪያው ይለቃል? ቁጥሩን ማን ያስተካክልልኛል? እኔም በሩ ላይ ሳለ አንድ አደራ ጨመርኩለት፦ «የሚሸከምህን ካገኘህ በኋላ የሚለቅህን ሳታይ ተራራው ላይ እንዳትወጣ።»