ወንበሩ አይመሰክርም፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የጠጠር መንገዶች የመኪና ሰስፔንሽን አፈታተሽ

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን ዋና መንገድ ጣርማ በር ላይ ትቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፍ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ይጓዛል። ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳና ወደ ግሼ የሚደረገው ጉዞም ሆነ ከሙከጡሪ ተነሥቶ የጀማን ሸለቆ በመውረድ ወደ ዓለም ከተማ የሚያወጣው የመርሐቤቴ ጉዞ ለብዙ ዘመን በጠጠር መንገድ ላይ ሲደረግ የኖረ ነው። በበጋ ወራት ጠጠሩ ሲደርቅ የመንገዱ ገጽ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይሸነሸናል። መኪናው በዚህ ሽንሽን ላይ በዝግታ ሲሄድ ክፉኛ ይንገጫገጫል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን መንገጫገጩ ይቀንሳል። ስለሆነም ብዙ አሽከርካሪዎች «ከፈጠንክ አይሰማህም» የሚለውን ልማድ ይከተላሉ።

ልማዱ በከፊል እውነት ነው፤ አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ከፊል እውነት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በተሳፋሪው ወንበር ላይ የሚሰማው ምቾትና ጎማው መሬት የመቆንጠጥ አቅሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በቀላል ስሌት ያሳያል። ከዚያም በአነስተኛ ወጪ ትርጉም ያለው የሰስፔንሽን ፍተሻ እንዴት ሊደረግ እንደሚችል ያብራራል።

ሽንሽኑ እንዴት ይፈጠራል?

የጠጠር መንገድ ሽንሽን በአብዛኛው ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ርቀት አለው። ሽንሽኑን የሚፈጥረው የመኪናው ሞላ ነው የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ሲነገር ቆይቷል። ይሁን እንጂ ታበርሌ፣ ሞሪስና ማክኤልዌይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ባሳተሙት ሥራ፣ ሞላም ሆነ ሾክ አብዞርበር የሌለው ቀላል ጎማ በአሸዋ ላይ ደጋግሞ ሲያልፍ ተመሳሳይ ሽንሽን እንደሚፈጠር አሳይተዋል። ወሳኙ ነገር ፍጥነት ነው፤ ከተወሰነ ዝቅተኛ ፍጥነት በታች ገጹ ሜዳ ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ በላይ ግን ጥቃቅን ጉብታዎች እያደጉ ይሄዳሉ። እንግዲህ ማንኛውም በተለመደ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ሽንሽን መፍጠሩ አይቀርም። የሰስፔንሽን ጥያቄ የሚመጣው ከተፈጠረ በኋላ ነው፦ መኪናው በዚህ ገጽ ላይ እንዴት መሬት ይዞ ይቆያል?

የሩብ መኪና ስሌት

ለዚህ ጥያቄ አመቺው መሣሪያ «ሩብ መኪና» የሚባለው ሞዴል ነው። አንድ ጎማ፣ ከእርሱ በላይ ያለው ሞላና ሾክ አብዞርበር፣ እንዲሁም በላዩ ያረፈው የመኪናው አካል ሩብ ክፍል ብቻ ይታሰባሉ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1982 በብራዚል ካካሄደው የመንገድ ሸካራነት ሙከራ የተነሣው ዓለም አቀፍ የሸካራነት መለኪያም የተመሠረተው በዚሁ ሞዴል ላይ ነው። በመለኪያው ውስጥ የተወሰኑት ቁጥሮች፣ ሁሉም ከጎማው በላይ ላለው አካል መጠነ ቁስ ተካፍለው፣ የሚከተሉት ናቸው፦ የሞላው ጥንካሬ 63.3፣ የጎማው ጥንካሬ 653፣ የሾክ አብዞርበሩ ንዝረት የማክሰም አቅም 6.0፣ የጎማውና የአክስሉ መጠነ ቁስ 0.15። ሞዴሉ ከአንድ የተወሰነ መኪና ጋር በትክክል ባይገጥምም የጉዳዩን ጠባይ አጉልቶ ያሳያል።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት የተፈጥሮ ድግግሞሾች ይገኛሉ። የመኪናው አካል በሰከንድ 1.2 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ጎማውና አክስሉ ግን በሞላውና በጎማው መካከል ሆነው በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይዘላሉ። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ርቀት 75 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ መኪናው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በየሰከንዱ 11 ጉብታዎችን ያልፋል። ያን ጊዜ መንገዱ ጎማውን በራሱ ድግግሞሽ ይመታዋል፤ ሬዞናንስ የሚባለው ክስተትም ይከሰታል። ርቀቱ 1 ሜትር ከሆነ ደግሞ ክስተቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይዛወራል።

በሬዞናንስ ነጥብ ላይ፣ ሽንሽኑ ከአማካይ ከፍታው በላይና በታች በሚያፈነግጥበት በእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር፣ ጎማው በመሬት ላይ የሚያሳርፈው ጭነት ከቆመበት ጭነት 11 በመቶ ያህል ይዋዥቃል። ስለሆነም ከጉብታው ጫፍ እስከ ስርጉዱ ወለል 18 ሚሊሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሽንሽን ጎማውን ለቅጽበት ከመሬት ለማላቀቅ በቂ ነው። የሾክ አብዞርበሩ አቅም በግማሽ ቢቀንስ መዋዠቁ ወደ 19 በመቶ ያድጋል፤ ጎማው ከመሬት የሚላቀቀውም በ10 ሚሊሜትር ጥልቀት ነው። ከዚህ ነጥብ በኋላ ቀጥተኛው ስሌት አይሠራም፤ ጎማው አየር ላይ ሲሆን መሪም ሆነ ፍሬን የሚሰጠው ኃይል የለም።

ወንበሩ ለምን አይመሰክርም?

እስካሁን የታየው ጎማው የሚደርስበት ነው። ተሳፋሪው የሚሰማው የመኪናው አካል ሽምጠጣ ሲሰላ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በደህና ሾክ አብዞርበር፣ አካሉ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊሜትር 0.65 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሽምጠጣ ይደርስበታል። ሾክ አብዞርበሩ በግማሽ ሲዳከም ቁጥሩ 0.67 ይሆናል። ልዩነቱ ሰው ሊለየው የማይችል ነው። የጎማው ጭነት መዋዠቅ በእጥፍ ሊጠጋ ሲያድግ ወንበሩ ምንም አልተናገረም ማለት ነው።

ፍጥነቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ሲያድግ ነገሩ ይብስበታል። በዚያው ሽንሽን ላይ የሚሰማው ሽምጠጣ ወደ 0.23 ይወርዳል፤ ይህም ከቀድሞው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ሾክ አብዞርበሩ የደከመ ከሆነማ 0.12 ብቻ ይሆናል፤ የደከመው መኪና ከደህናው ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይሰማል። የጎማው ጭነት መዋዠቅ ግን በሁለቱም ሁኔታ ከ7 በመቶ በላይ ነው፤ ማለትም በደህናው መኪና ከሬዞናንሱ የቀነሰው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ መኪናው ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚጓዘው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ይሆናል።

«ከፈጠንክ አይሰማህም» የሚለው አባባል ትክክል የሚሆነው እስከዚህ ድረስ ነው። አለመሰማቱ እውነት ነው፤ አለመኖሩ ግን አይደለም። በጀማ ቁልቁለት ወይም በገደል አፋፍ ላይ ባለ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ወይም በግ ድንገት በሚያቋርጥበት የመንዝ ሜዳ ላይ፣ ይህ ልዩነት የሕይወት ልዩነት ነው።

ባሌስትራ፣ ጭነትና ሙቀት

በአካባቢው የሚመላለሱት ቀላል የጭነት መኪኖችና ሚኒባሶች በአብዛኛው፣ ቢያንስ በኋላ በኩል፣ በባሌስትራ ላይ የቆሙ ናቸው። ባሌስትራ ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ በንጣፎቹ መካከል ያለው ሰበቃ በጥቃቅን ምቶች ጊዜ ሞላውን ቆልፎ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ሞላ ጎማው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ለሙሉ ጭነት ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ባዶ መኪና ሲሸከም እጅግ ይጠነክራል። በኋላ አክስል ላይ ያረፈው መጠነ ቁስ ከሙሉ ወደ አንድ ሦስተኛ ቢወርድና የባሌስትራው ጥንካሬ ባይለወጥ፣ የአካሉ ድግግሞሽ በ1.7 እጥፍ ያድጋል። እህል አራግፎ የሚመለስ መኪና ከጫነው ይልቅ መሬት የሚለቀው ስለዚህ ነው።

በጋራዦች የተለመደው የእጅ ፍተሻ፣ ማለትም የመኪናውን ጠርዝ ተጭኖ መልቀቅና ውዝዋዜውን መቁጠር፣ የሚፈትሸው የአካሉን ዝቅተኛ ድግግሞሽ እንጂ የጎማውን ዝላይ አይደለም። በባሌስትራ መኪና ላይ ደግሞ የንጣፎቹ ሰበቃ ውዝዋዜውን ስለሚያቆመው የሞተ ሾክ አብዞርበር ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ሾክ አብዞርበር የሚሠራው የንዝረትን ጉልበት ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ከላይ ባለው ሞዴል፣ ከጎማው በላይ 400 ኪሎ ግራም ቢኖርና መኪናው 10 ሚሊሜትር ጥልቀት ባለው ሽንሽን ላይ በሬዞናንስ ፍጥነት ቢጓዝ፣ እያንዳንዱ ሾክ አብዞርበር ያለማቋረጥ ወደ 350 ዋት ሙቀት ያመነጫል። ዘይቱ ሲግል ይቀጥናል፣ የማክሰም አቅሙም ይወርዳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ ሙቀቱን የሚወስደውም ይበልጥ ደካማ ነው። ስለዚህ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ ውስጥ የተመረመረ መኪና ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ያ መኪና አይደለም።

የፍተሻው አካሄድ

በሌላው ዓለም አማተር አሽከርካሪዎች የውድድር ሜዳ ለአንድ ቀን ተከራይተው መኪናቸውን ሲፈትሹ ዋና መለኪያቸው ብዙ ጊዜ የዙር ሰዓት ነው። የዙር ሰዓት ግን አሽከርካሪው መንገዱን እየለመደ መሄዱን ከሰስፔንሽኑ ለውጥ ጋር ቀላቅሎ ይቆጥራል። ከዚያ ልምድ ሊወሰድ የሚገባው ሥርዓቱ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከዚያም ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ተመልሶ ውጤቱ መደገሙን ማረጋገጥ። አሮጌ፣ አዲስ፣ እንደገና አሮጌ። ሦስተኛው ልኬት ከመጀመሪያው ካልገጠመ፣ የተለወጠው ሾክ አብዞርበሩ ሳይሆን መንገዱ ወይም ሙቀቱ ሊሆን ይችላል።

የሚለካው ነገርም መስተካከል አለበት። በአውሮፓ የሾክ አብዞርበር አምራቾች ማኅበር ስም «ዩሳማ» ተብሎ የሚታወቀው የምርመራ ዘዴ ጎማውን በሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ አቁሞ ዝቅተኛውን የጎማ ጭነት ከቆመበት ጭነት ጋር ያነጻጽራል፤ ወንበሩን አይጠይቅም። መድረኩ በሌለበት፣ አክስሉ ላይ የሚታሰር አነስተኛ የሽምጠጣ መለኪያ ተቀራራቢ መረጃ ይሰጣል። ከላይ ባለው ስሌት በ10 ሚሊሜትር ጥልቀት ሽንሽን ላይ አክስሉ በደህና ሾክ አብዞርበር ወደ 4 የስበት ሽምጠጣ፣ በደከመው ወደ 8 ይደርሳል። ስለሆነም እስከ 16 የስበት ሽምጠጣ የሚለካና በሰከንድ ቢያንስ 200 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሁለተኛ መለኪያ ወለሉ ላይ ቢቀመጥ የሁለቱ ንጽጽር የዚህን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በቀጥታ ይፈትናል።

የፍተሻው ቦታ ቀጥ ያለ፣ ሜዳማ፣ ግራና ቀኙ የሚታይ አጭር የጠጠር ክፍል መሆን አለበት፤ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ፈጽሞ የፍተሻ ቦታ አይደሉም። መንገዱ ለጊዜው በአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ከሰውና ከከብት ነጻ ሊደረግ ይገባል። ፍጥነቱ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ከ15 እስከ 45 በሰዓት ይለያይ፤ ጭነቱ፣ አሽከርካሪውና የጎማው ንፋስ አይለወጡ። ንፋሱ መለካት ያለበት እዚያው ነው። ከደጋው ወደ ጀማ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት መጨመር የጎማውን ንባብ ዝቅ ሲያደርግ ሙቀቱ ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ምን ያህል እንደሚቻቻሉ አስቀድሞ መገመት አይቻልም። ልኬቶቹ በአንድ ቀን ቢጠናቀቁ ይመረጣል፤ አንድ ዝናብ ወይም አንድ የግሬደር ማለፍ ሽንሽኑን ይለውጠዋልና።

መደምደሚያ

የሰስፔንሽን ድክመት በጠጠር መንገድ ላይ ራሱን የሚሰውር ብልሽት ነው። ተሳፋሪው ልዩነቱን አያውቀውም፤ አሽከርካሪው እንዲያውም መኪናው የለሰለሰ ሊመስለው ይችላል። ጎማው ብቻ ያውቃል። ስለዚህ የሾክ አብዞርበር መለወጫ ጊዜ በምቾት ስሜት ሊወሰን አይገባም፤ ከተቻለ በአክስል ላይ ልኬት፣ ካልተቻለ ዘይት በማንጠባጠቡ፣ በጎማ ገጽ ላይ በሚታይ ያልተስተካከለ አበላልና በተወሰነ የኪሎ ሜትር መጠን ይወሰን። እስከዚያ ድረስ በተሸነሸነ መንገድ ላይ ለሚያሽከረክር ሰው የሚሰጠው ምክር ከልማዱ ተቃራኒ ነው፦ ከሬዞናንሱ ፍጥነት በላይ በመሮጥ ሳይሆን በታች በመሄድ መንገጫገጩን ይቀንስ። ጉዞው ይረዝማል፤ ጎማው ግን መሬቱን አይለቅም።